ስለ ሊጋችሁ በአደባባይ ከመጻፋችሁ በፊት

በአማተር ፑል ሊግ ውስጥ ትንሽ ከቆያችሁ አንድ ቀን የሚያንገበግብ ነገር መግጠሙ አይቀርም። ደረጃው ዝቅ ተደርጎ የተመዘገበ ጎበዝ ተጫዋች ይመጣባችኋል። ወይም የተባለው ሽልማት ተቀንሶ ይሰጣችኋል። ወይም ውሳኔው ሁሉ ለአንድ ቡድን ያደላ ይመስላችኋል። ያን ጊዜ ስልክ አውጥቶ ሁሉም በሚያየው ቦታ መጻፍ ያምራል። እኔ ጽፌ ታግጃለሁ። የቡድኔም ልጅ ጽፎ ታግዷል። የጻፍነው በአንድ ምሽት፣ ስለ አንድ ጉዳይ ነበር። መጨረሻችን ግን ለየቅል ሆነ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ምናልባት አንዳችሁን ከዚህ ጣጣ ያድን ይሆናል።

መጀመሪያ ሊጉ የማን እንደሆነ እወቁ። ብዙ ተጫዋች በየሳምንቱ ስለሚከፍል የሊጉ ባለቤት የሆነ ይመስለዋል። አንዳንዱ ሊግ በእርግጥም የተጫዋቾች ማኅበር ነው። ኮሚቴ ይመረጣል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ሒሳብ ይቀርባል። ሌላው ግን የግል ሥራ ነው። ለምሳሌ ቴሪ ቤልና ላሪ ሃባርት የተባሉ ሁለት ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመሩት የአሜሪካ ፑል ተጫዋቾች ማኅበር አለ። ስሙ ማኅበር ይባል እንጂ በየአካባቢው ሊጉን የሚያንቀሳቅሱት ፈቃድ የገዙ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ባለው ሊግ ክፍያ የሚሰበስበው፣ መርሐ ግብር የሚያወጣው፣ ደረጃ የሚቆጣጠረውና አቤቱታ የሚሰማው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። እናንተ ሊጉን የነቀፋችሁ ሲመስላችሁ፣ እሱ እንጀራው እንደተነካበት ነው የሚሰማው። ይህን ማወቅ ዝም በሉ ማለት አይደለም። ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ ለመረዳት ነው።

ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከደረጃ ነው። ጎበዙና ጀማሪው ተቀራራቢ ዕድል እንዲኖራቸው እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥር ይሰጠዋል። ከላይ በጠቀስኩት ሊግ፣ በ8 ኳስ ጨዋታ (የራሱን ኳሶች ጨርሶ በመጨረሻ ጥቁሯን 8 ያስገባ በሚያሸንፍበት)፣ ደረጃው ከ2 እስከ 7 ነው። በአንድ ምሽት የሚሰለፉት 5 ተጫዋቾች ደረጃ ሲደመር ከ23 ማለፍ የለበትም። የእኛም ሊግ ተመሳሳይ አሠራር ነበረው። ድምራችሁ ልክ 23 ሆኖ ሳለ አንድ ልጅ አንድ ደረጃ ከፍ ቢልባችሁ፣ ሰልፋችሁን እንደ አዲስ መሥራት ግድ ይሆናል። በአንጻሩ 6 መሆን የሚገባውን ሰው 4 አድርጎ ያስመዘገበ ቡድን በነፃ ሁለት ቁጥር አተረፈ። አንዳንዱ ችሎታውን የሚደብቀው ለዚህ ነው። "እገሌ ደብቋል" የሚለው ቃልም በፑል ሰው ዘንድ ከስድብ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

አደባበቁ ደግሞ ረቂቅ ነው። ደረጃው በዋናነት የሚሰላው አንድን ጨዋታ ለማሸነፍ ስንት ዙር ፈጀ በሚለው ነው። ዙር ማለት ሁለቱም ተጫዋቾች አንዳንድ ተራ ሲጨርሱ ነው። በጥቂት ዙር የጨረሰ ጎበዝ ነው። መደበቅ የፈለገ ሰው ቀላሏን ኳስ ይስታል፣ ዙሩን ያስረዝማል፣ በመጨረሻ ግን ያሸንፋል። መዝጋቢው ይህን የሚይዝበት አንድ ምልክት አለው። ተጫዋቹ ኳስ ለማስገባት ሳያስብ ተጋጣሚውን ለማስቸገር ወይም ሆን ብሎ ለመሳት ከመታ፣ የመከላከያ ምት ተብሎ ይመዘገባል። ሲሰላም ከዙሩ ላይ ይቀነሳል። ምልክቱ ካልተደረገ ግን ደባቂው ተሳካለት።

በግማሽ ፍጻሜው ምሽት የቡድናችን መዝጋቢ እኔ ነበርኩ። ተጋጣሚያችን 4 ተብሎ የተመዘገበ ሰው ነው። ነጩን ኳስ ባሰበበት ቦታ እያቆመ ይጫወታል። ኳሶቹን ጨርሶ ጥቁሯ 8 ብቻ ቀረችው። ኪሱ አፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ጎንበስ አለ፣ ዱላውን ሁለት ጊዜ ወዲህ ወዲያ አደረገ፣ ከዚያ በስሱ ነካ አደረጋት። ጥቁሯ ከጠርዙ ተጠግታ ቆመች። ነጩ ከጀርባዋ ተሸሸገ። የእኛ ልጅ የሚመታው ኳስ አጣ። እኔ የመከላከያ ምት ብዬ መዘገብኩ። በእነሱ ወረቀት ላይ ግን ምንም ምልክት አልነበረም። ከጨዋታው በኋላ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የዙሩ ቁጥር እኩል ነው። የመከላከያው ሳጥን በአንዱ ተሞልቷል፣ በሌላው ባዶ ነው። ሁለቱንም በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። በዚያን ሰዓት ብዙም አላሰብኩበትም። በኋላ ያዳነኝ ግን ያ ፎቶ ነው።

ያ ቡድን ዋንጫውን በላ። በሽልማቱ ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። በመጀመሪያው የአምበሎች ስብሰባ የተበተነልን ወረቀት ላይ ከአንደኛ ጀምሮ ለየአሸናፊው የተጻፈ ሽልማት ነበር። የተሰጠው ከዚያ በግልጽ ያንሳል። አዘጋጁን ጠጋ ብዬ "ምነው አነሰ?" አልኳቸው። "በኋላ እናወራለን" አሉኝ። ያ በኋላ ግን አልመጣም። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልስጥ። በቃል የተጠየቀ ጥያቄ ዱካ የለውም። በዚያው ምሽት አጭር መልእክት ላኩና "ዛሬ የጠየቅኩትን በጽሑፍ እየላክሁልዎ ነው፣ እስከዚህ ቀን መልስ እጠብቃለሁ" በሉ። በኋላ ነገሩ ወደ አደባባይ ቢወጣ፣ መጀመሪያ በር አንኳኩታችሁ እንደነበር የሚያሳየው ያ መልእክት ነው።

በዚያ ምሽት የቡድኔ ልጅ ጻፈ። አንጀቱ አርሯል። "አዘጋጁ ሌባ ነው። የሽልማቱን ገንዘብ በልቶታል። የሚያሸንፈውንም ቡድን አስቀድሞ መርጦታል" ይላል። እኔ ደግሞ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "በመጀመሪያው ስብሰባ የተሰጠን ወረቀትና የተሰጠን ሽልማት አይገጥሙም። ልዩነቱ ከምን መጣ? የገቢና የወጪውን ዝርዝር ማየት እንችላለን? የግማሽ ፍጻሜው ሁለት የውጤት ወረቀቶችም አይመሳሰሉም። ማን ይመረምራቸዋል?" የሁለቱን ወረቀቶች ፎቶ አያያዝኩበት፣ የተጫዋቹን ስም ሸፍኜ።

በማግስቱ ጠዋት ለሁለታችንም ደብዳቤ ደረሰን። ከስማችን በቀር ቃል በቃል አንድ ነው። የሊጉን ስም በማጥፋትና ለስፖርቱ በማይመጥን ባህርይ ታግዳችኋል ይላል። እስከ መቼ? አይልም። ያመመኝ እገዳው ብቻ አልነበረም። ስድብና ጥያቄ በአንድ ሚዛን መመዘናቸው ነው። ጥያቄ የጠየቀና የተሳደበ እኩል የሚቀጡ ከሆነ፣ ሰው ቀጥሎ የሚመርጠው ስድቡን ነው። አዘጋጆች ይህን ልብ ብትሉልኝ ደስ ይለኛል።

ያ ሳምንት ከባድ ነበር። ሊግ ማለት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሳምንት አንድ ምሽት የምታገኛቸው ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ "ደግ አደረግህ" ብለው በግል ይጽፉልኛል፣ በአደባባይ ግን ጭጭ። ሌሎቹ ደግሞ ሰላም ማለቱንም ተዉት። የቡድኔ ልጆች ሁላችንም ሊጉን ጥለን እንውጣ አሉ። ልጁ ጨርሶ ሌላ ሐሳብ ነበረው። ሌላ ረዘም ያለ ጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ የአዘጋጁን የግል ሕይወት ሁሉ የነካ፣ ሊለቀው ደርሷል። "ወንድሜ፣ እስከ ነገ ብቻ ታገሰኝ" አልኩት። ያንን እንኳ ሰማኝ።

ነገሩን የለወጠው የደንቡ መጽሐፍ ነው። ስንመዘገብ ሁላችንም ፈርመንበታል፣ ያነበበው ግን አልነበረም። ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። "ለስፖርቱ የማይመጥን ባህርይ" የሚለው አንቀጽ እንዳሰብኩት ሰፊ ነው፣ አዘጋጁ የፈለገውን ሊያስገባበት ይችላል። ከሱ በታች ግን ሌላ አንቀጽ ነበር። እገዳ ሲጣል ምክንያቱና የሚቆይበት ጊዜ በጽሑፍ መገለጽ አለበት ይላል። የታገደም ሰው ከሌሎች ቡድኖች በተውጣጡ አምበሎች ፊት ይግባኝ የማለት መብት አለው ይላል። የእኛ ደብዳቤ ጊዜ አልጠቀሰም። ስለ ይግባኝም አንድ ቃል አላነሳም። የምይዘው ገመድ ያገኘሁት እዚያ ነው።

ስለ ሕግም ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። "ሐሳቤን የመግለጽ መብት አለኝ፣ ሊያግዱኝ አይችሉም" ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የመናገር ነፃነት በዋናነት የሚያስረው መንግሥትን ነው። የግል ሊግ አባል ላድርግህ ወይም አላድርግህ የማለት ሰፊ ሥልጣን አለው። የሚያስረው የራሱ ደንብና ከእናንተ ጋር የተፈራረመው ውል ነው። ስለዚህ ክርክራችሁን "መብቴ ነው" ብላችሁ አትጀምሩ። "የራስህን ደንብ ጠብቅ" ብላችሁ ጀምሩ። በሌላ በኩል ደግሞ በሰው ላይ የምትጽፉት ነገር ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። "ሽልማቱ አነሰ፣ አሠራሩም አላማረኝም" ያለ ሰው ያየውን ተናግሯል፣ አስተያየቱንም ሰጥቷል። "ሰረቀ" ያለ ግን በሰው ላይ ወንጀል ጥሏል። ማስረጃ አምጣ ሲባል ምን ያቀርባል? ልጁ በእጁ ምንም አልነበረውም። ሽልማቱ ማነሱን ያውቃል። ለምን እንዳነሰ ግን አያውቅም ነበር።

ይግባኙን አሳጥሬ ጻፍኩ፣ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። የጻፍኩትን ቃል በቃል አስቀመጥኩ። የተበተነልንን የሽልማት ወረቀት፣ የሁለቱን የውጤት ወረቀቶች ፎቶና የደንቡን አንቀጽ አያያዝኩ። የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው፦ እገዳው እንዲነሳ ወይም ጊዜው እንዲገለጽ፣ የሽልማቱ ሒሳብ እንዲቀርብ፣ የግማሽ ፍጻሜው ወረቀቶች እንዲመረመሩ። ስለ ሰው ጠባይ አንድም ቃል አላስገባሁም። ይግባኝ ስትጽፉ ንዴታችሁን ለወዳጅ ተንፍሱት። ወረቀቱ ላይ መልስ ሊሰጥበት የሚችል ነገር ብቻ ይሁን።

በስብሰባው ላይ አዘጋጁ መጀመሪያ ተናገሩ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። "ልጄ፣ ይህን ሊግ የጀመርኩት ሁለት ጠረጴዛ ይዤ ነው። ስንት ሌሊት መርሐ ግብር ሳወጣ አድሬያለሁ። ሌባ ተባልኩ። ባለቤቴ አነበበችው። ልጆቼ አነበቡት" አሉ። እውነት ለመናገር አዘንኩላቸው። "ጋሼ፣ እኔ እርስዎን ሌባ ያልኩበት ቃል የለም። የጠየቅሁት ሒሳቡን ነው፣ አሁንም የምጠይቀው እሱን ነው" አልኳቸው። ከአምበሎቹ አንዱ ጽሑፌን ጮክ ብሎ አነበበው። ሲነበብ ምንም ስድብ የለበትም። በዚያች ደቂቃ የክፍሉ አየር ሲለወጥ ታወቀኝ።

ከዚያ አዘጋጁ ደብተራቸውን ከፈቱ። በውድድሩ አጋማሽ አንዳንድ ቡድኖች ጥለው ወጥተዋል። የእነሱ ሳምንታዊ ክፍያ ከዚያ በኋላ አልገባም። የጠረጴዛና የዳኛ ወጪ ግን አልቀነሰም። የሽልማቱ ገንዘብ የተቀነሰው በዚያ ምክንያት ነው። ቁጥሩ ተደምሮ ተቀንሶ ገጠመ። አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። "ታዲያ ይህን ያኔ ብትነግሩን ኖሮ ማን ይጣላ ነበር?" አለ አንዱ አምበል። ሁላችንም የምናስበውን ነው የተናገረው። አዘጋጁም "ቡድን ወጣብኝ ማለት አፍሬ ነው" አሉ።

የእኔ እገዳ በዚያው ቀን ተነሳ። ወረቀቶቹ ከቀደሙት ሳምንታት ወረቀቶች ጋር ተመርምረው ያ ተጫዋች ከ4 ወደ 6 ከፍ ተደረገ። የግማሽ ፍጻሜው ውጤት ግን አልተቀየረም። ደንቡ ከጨዋታው በኋላ ወዲያው ያልቀረበ አቤቱታ ውጤት አይቀይርም ይላል። ስለዚህ ስትጫወቱ ጥርጣሬ ካደረባችሁ ወረቀቱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት "በተቃውሞ ፈርሜያለሁ" ብላችሁ ጻፉበት። ከፈረማችሁ በኋላ የምታነሱት ነገር እውነት ቢሆንም ረፍዷል።

ልጁስ? በዚያ ቡድን ላይ የነበረው ጥርጣሬ መሠረት ነበረው። ስለ ገንዘቡ የተናገረው ግን ሐሰት ሆኖ ተገኘ። "ሌባ" ያለውን ቃል እንዲያነሳና ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ውድድር እንዲመለስ ተወሰነ። እምቢ አለ። "ሒሳቡን በጊዜው ደብቀዋል፣ እኔ ምን አጠፋሁ?" ይላል። ብዙ ለመንኩት። ከመካከላችን ምርጡ ልጅ እሱ ነበር። ዛሬም ከእኛ ጋር አይጫወትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አምበል የሆናችሁ ሰዎች፣ የተናደደ ልጅ ስታዩ ስብሰባ እስኪጠራ አትጠብቁ። በዚያው ምሽት አጠገቡ ተቀመጡ። "የምትለውን ሁሉ ጻፈው፣ ግን መጀመሪያ ለእኔ ላክልኝ" በሉት። አብራችሁ አንብቡት። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር "ይህን በምን አወቅህ?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ያለው ይቆይ፣ መልስ የሌለው ወደ ጥያቄ ይቀየር። አንዳንዴ አንድ "ለምን" ሰውን ከእገዳ ያድናል።

አዘጋጆችም ካነበባችሁት፣ የሽልማቱን ሒሳብ ሳትጠየቁ አውጡ። በመጀመሪያ፣ በአጋማሽና በመጨረሻ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ስንት ቡድን ከፈለ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ። የእኛ ሊግ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያደርጋል፣ የሐሜቱም ግማሽ ጠፍቷል። የተለያየ ጥፋት ለሠሩ ሰዎች አንድ ደብዳቤ አትላኩ። ትችት የጻፈን ሰው ከማገዳችሁ በፊት ደውሉለት። ደግሞም የራሳችሁን ጉዳይ ራሳችሁ አትዳኙ። የተሰደበው ሰው ዳኛ ሆኖ ከተቀመጠ፣ ፍርዱ ትክክል እንኳ ቢሆን ማንም አይቀበለውም።

ሁሉን በሥርዓት አድርጋችሁም እገዳው የማይነሳበት ጊዜ አለ። ይግባኝ የሚባል ነገር የሌላቸው ሊጎች አሉ። ያን ጊዜ የአካባቢው አዘጋጅ ከትልቅ ድርጅት ፈቃድ ወስዶ የሚሠራ እንደሆነ አጣሩ። ከሆነ ለበላይ ድርጅቱ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፣ ያጠራቀማችኋቸው ወረቀቶችና መልእክቶችም ያኔ ይጠቅሟችኋል። ካልሆነ ሌላ ሊግ ፈልጉ። አዲሱ ሊግ ደረጃችሁን ስለሚጠይቅ የድሮ የውጤት ወረቀቶቻችሁን ያዙ። ፋርጎሬት የሚባለውን የደረጃ ሥርዓት የሚጠቀሙ ሊጎችና ውድድሮች ከሆኑማ ይበልጥ ይቀላል። እዚያ ደረጃ የሚወጣው በተመዘገቡ ጨዋታዎች ውጤት ነው። ሁለት ሰዎች በ100 ነጥብ ከተበላለጡ፣ ከፍ ያለው አንድ ጨዋታ ሲሸነፍ ሁለት ያሸንፋል ተብሎ ይጠበቃል። ቁጥሩን ማንም ሊያየው ይችላል፣ ሊግ ብትቀይሩም አብሯችሁ ይሄዳል። አዲሱ አዘጋጅ ለምን እንደወጣችሁ ሲጠይቃችሁ የጻፋችሁትን ራሱን አሳዩት፣ አንብቦ ይፍረድ። ከመመዝገባችሁ በፊት ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የሽልማቱ ሒሳብ መቼ መቼ ይወጣል? ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር ለማን ነው የምጽፈው?